የአባቱን ቤት የማይወርስ መንግሥት

ስለ ጎንደር ግንብ ወሬ በተነሣ ቁጥር የእኛ የተማርነው ሰዎች ክርክር ዞሮ ዞሮ ወደ አንዲት ጥያቄ ይወርዳል፤ «ማን ሠራው?» አንዱ ወገን «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ይላል። ሌላው ወገን በቁጣ ይነሣና «የአባቶቻችን የእጅ ሥራ ነው» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ሦስተኛው ደግሞ «የገዢዎች ግንብ ለሰፊው ሕዝብ ምኑ ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሦስቱ ወገኖች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሦስቱም ግንቡን ከድንጋይ አሳልፈው አያዩትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሌለው አይደለም። አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጥተዋል፤ ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት ከዚያ ወዲህ፣ በ1628 ዓ.ም. ነው። ያባረሯቸው ሰዎች ግንብ ሠሩላቸው ማለት እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ነው። በአንጻሩ ደግሞ በኖራ የመገንባት ጥበብ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር መግባቱን፣ በግንቦቹም አሠራር ላይ የሕንድና የዐረብ፣ የአውሮፓም ዘይቤ መታየቱን ማንም አጥኚ አይክደውም። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት እጆች ግን የዚህችው አገር ሰዎች እጆች ናቸው፤ በግንበኝነትና በአንጥረኝነት ስመ ጥር የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ጥበቡ ከየትም ይምጣ፣ ያዘዘውም ያስጨረሰውም የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። እንግዲህ ነገሩ በአንድ አንቀጽ አለቀ። ትውልድ ከትውልድ የሚያነታርክ አልነበረም።

ሊያከራክረን የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነበር። ያን ጥያቄ የሰማሁት ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አፍ ነው።

አንድ ቀን በግቢው ውስጥ

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ለሁለት ዓመት በጦርነት ወሬ የደነቆረው ጆሯችንም ጥቂት አርፏል። ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ገና ሳይነጋ ከባሕር ዳር ተነሣን። ሐሳባችን የጎንደርን ግቢ አይተን፣ ምሳችንን እዚያው በልተን፣ ለማታ ቤታችን መግባት ነበር። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራንዝ ስንደርስ ኮረብታው ላይ ያለውን የጉዛራን ግንብ ለልጆቹ አሳየኋቸው። በተለምዶ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ ይህ ልክ ከሆነ ከፋሲል ግንብ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይቀድማል። ወንዱ ልጄ «ታዲያ ቤት ካላቸው ለምን እዚህ አልቀሩም?» አለኝ። የዚያ ዘመን ነገሥታት በድንኳን እየተዘዋወሩ ይገዙ እንደ ነበር፣ ከተማቸውም በዘመቻ ተነሥቶ በዘመቻ የሚሰፍር እንደ ነበር ባጭሩ ነገርኩት። ሳይጥመው ቀረ።

ጎንደር ገብተን ቲኬት ቆርጠን ቅጥሩን አለፍን። የግቢው ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት። አስጎብኚያችን ሥራውን የሚወድ፣ የሚናገረውን የሚያውቅ ወጣት ነበር። እየመራን እንዲህ እያለ ቆጠረልን፦ «ይህ የአፄ ፋሲል ግንብ ነው፤ ይህ የልጃቸው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ይህ የልጅ ልጃቸው የታላቁ ኢያሱ ግንብ ነው፤ ይህ የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ ነው፤ ይህ የአፄ በካፋ ነው፤ ይህ ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ነው።» ልጄ ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር ቆየችና ቆም አለች። «አባዬ፣ የአባቱ ቤት እያለ ለምን ሌላ ሠራ?»

አስጎብኚው ሳቀና «ክብራቸውን ለማሳየት ነዋ!» አላት። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት። እሷም በበኩሏ «በእኛ ሥራ ካምናው የዞረ ሒሳብ የሚባል ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች ግን በየዘመኑ መዝገቡን ከባዶ ነው የሚከፍቱት» አለች። እኔ በዚያን ሰዓት የምለው አልነበረኝም። የጥያቄው ክብደት የገባኝ ቆይቶ፣ የግንቦቹን ተራ ከነገሥታቱ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ነው።

ግንቦቹ የሚነግሩን

የአስጎብኚው መልስ ስሕተት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ንጉሥ ሀብት ካለው፣ ግንበኛ ካለው፣ በስሙ የሚጠራ ሥራ ቢያኖር አይፈረድበትም። እንዲያውም በዚህ በኩል ጎንደር ትልቅ እርምጃ ነበረች። አፄ ፋሲል ያን በድንኳን የሚዞር መንግሥት አንድ ቦታ ላይ ተከሉት። ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም ከዚያው ቅጥር አልወጡም፤ ሌላ አገር ሄደው ሌላ ከተማ አልቆረቆሩም። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ግንቡ በግንብ አጠገብ እየተጨመረ ከተማዋ አደገች፤ ሊቃውንቱ፣ ሠዓሊው፣ ነጋዴው፣ ባለ እጁ በዙሪያዋ ተሰበሰቡ። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በከንቱ አልነበረም።

የዚህን ሁሉ መሠረት ማስታወስ ይገባል። አፄ ሱስንዮስ የሃይማኖት ለውጥ በዐዋጅ ጫኑ፤ አገር በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ በ1624 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ውጊያ በኋላ ዐዋጃቸውን ሽረው የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በሕይወት ሳለ ፖሊሲው እንዳልሠራ ዐይቶ ሥልጣን የለቀቀ መሪ በታሪካችን ስንት ጊዜ አጋጥሞናል? ጎንደር የተተከለችው በዚያ መልቀቅ ላይ ነው። ግንቡን የምናደንቅ ሰዎች ይህን መሠረቱን ስናደንቅ አልሰማሁም።

ዳሩ ግን ፋሲል ራሳቸው በመልቀቅ ያገኙትን ሥልጣን በሕግ የሚተላለፍ አላደረጉትም። ይልቁንም የዙፋን ተፎካካሪ ሊሆኑ የሚችሉ የንጉሥ ዘሮችን ወኅኒ አምባ ላይ የማስቀመጥን ሥርዐት አቆሙ። ገደሉ ቅጥር፣ አምባው እስር ቤት ሆነ። ዛሬ ለእስር ቤት የምንጠቀምበት ቃልና የዚያ አምባ ስም አንድ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። እንግዲህ የጎንደር መንግሥት ሁለት ቅጥር ነበረው ማለት ነው፤ አንደኛው ንጉሡ የሚኖርበት የግንብ ቅጥር፣ ሁለተኛው ወራሾቹ የሚታሰሩበት የገደል ቅጥር። አስጎብኚዎቻችን የሚያሳዩን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ያላየ ሰው ግን የመጀመሪያውን አላየም።

ይህ ሥርዐት የያዘው ለሦስት ትውልድ ብቻ ነው። ታላቁ ኢያሱ ከቤተ መንግሥት ርቀው በጣና ደሴት ሳሉ መኳንንቱ ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ፤ አባትየውም በ1699 ዓ.ም. እዚያው ተገደሉ። ልጅየውም ከሁለት ዓመት በላይ አልቆየም፤ በ1700 ዓ.ም. እሱም ተገደለ። ቀጥሎ ቴዎፍሎስ ከወኅኒ ወርደው ነገሡ፤ ከእሳቸው በኋላ ዮስጦስ፣ ከዮስጦስ በኋላ ዳዊት መጡ፤ ዳዊትም በ1713 ዓ.ም. በመርዝ እንደ ሞቱ ይነገራል። ከ1699 እስከ 1713 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት ነገሥታት አለፉ። በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ሲገደሉ ነገሩ ሁሉ ተበጠሰ፤ ዘመነ መሳፍንት ገባ። ንጉሥ የሚባለው ሰው ያ 900 ሜትር ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ ግን ደብረ ታቦር ላሉት እንደራሴዎች ሆነ። ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ የወረዱት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ያተረፉት በዚህ ዘመን ነው።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ደም መካከል ግንቡ አልተጓደለም ነበር። ግንበኛው አለ፣ ኖራው አለ፣ ድንጋዩ አለ። የጎደለው ድንጋይ አልነበረም። ቤት የመሥራት ወግ ነበራቸው፤ መንግሥት የማስተላለፍ ሕግ ግን አልነበራቸውም። የልጄ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ቤት መሥራት ንጉሡ «እኔ መጥቻለሁ» የሚልበት መንገድ ነበር፤ «እኔ ስሄድ» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ የሚጽፍ ሰው አልተገኘም።

እኛ ደግሞ የባስን

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፍት «ያው እንደዚያው ነን» ብለው ይደመድማሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ እንደዚያው አይደለንም፤ ከዚያ የባስን ነን።

የጎንደር ነገሥታት አባታቸውን ገድለውም፣ ወንድማቸውን አስረውም የአባታቸውን ግንብ አላፈረሱም። በካፋ ያን ሁሉ ደም ተሻግረው ሲነግሡ የኢያሱን ግንብ ንደው በድንጋዩ የራሳቸውን አልሠሩም፤ ከአጠገቡ ሠሩ። ግቢው ዛሬ ተርታውን ቆሞ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ ከተማዋን አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አቃጠሏት፣ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ዘረፋት፣ ጣሊያን ጠቅላይ ሰፈሩን ስላደረጋት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ የመጨረሻው የጣሊያን ጦርም እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ላይ ነው።

የእኛ ዘመን መንግሥታት ግን ከአጠገቡ መሥራት አያውቁም፤ በላዩ ላይ ነው የሚሠሩት። ከ1923 እስከ 1987 ዓ.ም. ባሉት 64 ዓመታት አራት ሕገ መንግሥት ጽፈናል፤ የ1923ቱን፣ የ1948ቱን፣ የ1980ውንና የ1987ቱን። ብሔራዊ መዝሙራችን በ1967 ዓ.ም. ተለወጠ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ተተካ። በባንዲራው መካከል ያለው ምልክት ከመንግሥት ጋር ይመጣል፣ ከመንግሥት ጋር ይሄዳል። ጎንደርን ራሷን ውሰዱ። የቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ደርግ ሲመጣ የጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነች፤ ከ1980ው ሕገ መንግሥት በኋላ ክፍለ ሀገሩ ሰሜንና ደቡብ ጎንደር ተብሎ ተከፈለ፤ ኢሕአዴግ ሲገባ ሰሜን ጎንደር ዞን ተባለች፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዞኑ ራሱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ከተማዋ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል አንድ አዛውንት ብቻ በሕይወታቸው አምስት ዓይነት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሊይዙ ይችላሉ።

የራሴን የሥራ መስክ ልጥቀስ። እኔ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመትም ፍሬሽማን ይባል ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲግሪው ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አለና ፍሬሽማን ቀረ፤ «ተማሪው መሰናዶ ትምህርት ቤት ይጨርሰዋል» ተባለ። በዚያ ሥርዐት ዓመታት አስተማርኩ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ዲግሪውም አራት ዓመት ሆነ። መመለሱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ደግፌዋለሁ። ነገር ግን ሲቀርም ሲመለስም እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድም ሰው «ያለፈው ምን ሰጠን? ምን አሳጣን?» የሚል ሰነድ አላስቀመጠልንም። የተማርኩበትን የትምህርት ዓይነት ስመልሰው እንደ አዲስ ግኝት ነው የመለስኩት። የሦስቱ ዓመት ተመራቂዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሰው ልጆች ናቸው፤ የሙከራ ዕቃ አልነበሩም። ባለቤቴ እንዳለችው፣ ካምናው የዞረ ሒሳብ የለም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የሆነውንም አይተናል። መንገድ መስፋቱ፣ ፍሳሹ መስተካከሉ፣ ሰው ንጹሕ ቤት ማግኘቱ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፦ አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ ማቆም የማንችለው ለምንድን ነው? ከአራት መቶ ዓመት በፊት ግንበኛ ያለው፣ ሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ንጉሥ የቻለውን፣ ኢንጂነርና ፕላን ያለው መንግሥት እንዴት ያቅተዋል?

የባሰው ግን ሕንጻው አይደለም። የጎንደር ነገሥታት ሕግ ስላልነበራቸው ተጋደሉ። እኛ ሕግ ጽፈን ተጋደልን። ከአራቱ ሕገ መንግሥታት መካከል ሥልጣንን ከአንዱ ተፎካካሪ ወደ ሌላው በሰላም ያሸጋገረ አንድም የለም። በ1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት ማብቂያ በእስር ላይ ሞቱ። በ1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ኮበለሉ። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፈቃዳቸው ሲለቁ «እንግዲህ ተማርን» ብለን ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ምን ሆነ? በ2012 ዓ.ም. ምርጫ በወረርሽኝ ምክንያት ተራዘመ። የሥራ ዘመኑ ያለቀ መንግሥት ምርጫ ሳይደረግ ቢቀር ማን ይግዛ ለሚለው ሕገ መንግሥቱ ጥርት ያለ መልስ አልነበረውም፤ መልሱ በትርጓሜ ተሰጠ። የትግራይ ክልል ትርጓሜውን አልቀበልም ብሎ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ የራሱን ምርጫ አካሄደ። ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን «ሕጋዊ አይደለህም» ተባባሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው የሚል የዋህ አይደለሁም፤ ነገር ግን ክርክሩ የተያዘበት ቃል «ማን ይውረስ?» የሚለው ያ የጎንደር ጥያቄ ነበር። ወኅኒ አምባ ላይ ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ስንት የእናት ልጅ በላ!

«ሁሉንም እንውረስ ነው የምትለው?»

ይህን የሚያነብ ሰው «የአባት ቤት ግፍ ያለበት ቢሆንስ? እሱንም እንውረስ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሸሽቼ አላልፈውም።

ግቢው ግፍ ነበረበት። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሠፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ለግንቦቹ ሥራ እጃቸውን የሰጡት ቤተ እስራኤላውያን ርስት ተነፍገው ኖሩ፤ ድንጋይ መጥረብ ሲችሉ መሬት መውረስ አልቻሉም፤ ጎረቤቶቻቸውም «ቡዳ» እያሉ ሸሿቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከጎንደር ጥግ ካለችው ወለቃ የሸክላና የብረት ሥራቸው ስም ብቻ ቀረ። ከሄዱት ብዙዎቹን የወሰዳቸው የሃይማኖት ተስፋቸው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ የሠራውን ማውረስ ያልፈለገ አገር የሠራውን ሰው ያጣል።

እንግዲህ መውረስ ስል ሀብቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። በእኛ በራሳችን ወግ ልጅ የአባቱን መሬት ሲወርስ ዕዳውንም ይወርሳል፤ «ዕዳው የአባቴ ነው፣ መሬቱ የእኔ ነው» የሚል ልጅ በሸንጎ ፊት አይቆምም። መንግሥትም እንዲሁ ነው። የቀደመውን ሁሉ የሚያወግዝ መንግሥት ዕዳውን መካዱ ነው፤ የቀደመውን ሁሉ የሚያወድስ ወገንም ያው ዕዳውን መካዱ ነው። ሁለቱም ከውርስ ሸንጎ የሸሹ ናቸው። በዚህ ረገድ «የአባቶቻችን ሥራ ነው» ብሎ የሚኮራውና «የገዢዎች ነው» ብሎ የሚንቀው ወገን አንዱ የሌላው ወንድም ነው።

መውረስ እንደሚቻልም ማስረጃ አለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ደርግ የዩኒቨርሲቲውን ስም ለወጠ እንጂ ሕንጻውን መልሶ ቤተ መንግሥት አላደረገውም፤ ኢሕአዴግም እንዲሁ። ሦስት መንግሥት ሲፈራረቅ ያ ቤት ቤተ መዘክርና የምርምር ተቋም ሆኖ ቆይቷል። ለምን? በውስጡ የሚያነብ፣ የሚጽፍ፣ የሚያስተምር ሰው ስለነበረበት ነው። ባለቤቱ ንጉሥ ብቻ የሆነ ቤት ከንጉሡ ጋር ይወድቃል፤ ባለቤቱ ሕዝብ የሆነ ቤት ግን ወራሽ አያጣም።

ግንብ ታደሰ፤ የቀረውስ?

ከዚያ የጥር ጉዞ ወዲህ ሁለት ነገር ሆኗል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አስከተለ፤ እኛ ልጆቻችንን ይዘን በሰላም የሄድንበት መንገድም የስጋት መንገድ ሆነ። ሁለተኛው፣ በ2017 ዓ.ም. በግቢው ላይ ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሂዷል። ለእድሳቱ ምስጋና ይገባል፤ የሚያፈስ ጣሪያና የሚናድ ግድግዳ ፖለቲካ አያውቅም። ነገር ግን የሁለቱን ነገሮች ጉርብትና ተመልከቱ። ግንቡ ታድሶ የግንቡ መንገድ ካስፈራ፣ ድንጋዩን አድሰን ያን ድንጋዩ የሚነግረንን ሳንሰማ ቀርተናል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሦስቱም ከኖራ ይረክሳሉ።

አንደኛ፣ በግቢው ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ሙሉ ይሁን። ስለ ወኅኒ አምባ፣ ስለ 1699 እና ስለ 1761፣ ስለ ግንበኞቹና ስለ ተነፈጉት ርስት የሚናገር ሰሌዳ ከየግንቡ አጠገብ ይቁም። ጎብኚ ልጅ «ለምን ሌላ ሠራ?» ብሎ ሲጠይቅ «ለክብር ነው» ተብሎ አይሸኝ።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም መንግሥት ከቀደመው የወረሰውን ተቋም፣ ሥርዐተ ትምህርት ወይም አስተዳደራዊ አከላለል ከመሻሩ በፊት፣ የቀደመው ምን እንዳስገኘና ምን እንዳጎደለ የሚያሳይ ሰነድ ለሕዝብ እንዲያቀርብ በሕግ ይገደድ። መሻር አይከልከል፤ ሳይመዝኑ መሻር ይከልከል። ሒሳቡ ይዙር።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የሥልጣን ርክክብ ነገር ከአዋቂዎች መንደር ወጥቶ የአገር አጀንዳ ይሁን። ምርጫ ቢዘገይ፣ መሪ ቢሞት፣ ፓርቲ ቢፈርስ፣ ክልልና ፌዴራል ቢጣሉ ማን፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ወሰን እንደሚገዛ ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት በማያሻማ ቋንቋ ይጻፍ። በ2012 ዓ.ም. ያ አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዱ የጠብ ሰበብ በቀነሰ ነበር። ፖለቲከኞቻችን ስለ መግባት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ መውጣት የሚናገር ሲኖር ግን እንደ ሟርተኛ ይታያል። የሚወጣበትን በር ሳይሠራ ግንብ የሚሠራ ሰው ለራሱ ወኅኒ መሥራቱን የነገረው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ በስሙ የሚጠራ ግንብ ማቆም የሚፈልግ መሪ ወደፊትም አናጣም፤ ይህች አገር ግንበኛ ነጥፎባት አያውቅም። ያጣነው የቀዳሚውን ሥራ ተረክቦ፣ ጉድለቱን መዝግቦ፣ ጨምሮበት፣ ለተከታዩ በሰላም የሚያስረክብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምናልባት በስሙ የሚጠራ ግንብ አይኖረው ይሆናል። ልጆቻችን የሚወርሱት አገር ግን ያኖርላቸዋል።

ለሚገቡት ልብ፣ ለሚወጡት መንገድ ይስጥልን።